አልነጋም የተባለው ኮረብታ

«ተመለስ! አላወቅኸውም፤ ተመለስ!» ይላሉ ሴቶቹ እየተቀባበሉ። ሰውየው ልጁን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ፊቱን አዙሮ ዳገቱን ይያያዘዋል፤ ልጁ ግን አንድ ዙር ጨዋታ ተጨምሮለታልና የአባቱን ሁለት ጆሮ እንደ ልጓም ይዞ «ቶሎ በል» ይለዋል። በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎሽ ውሃ መንደር የደረሰ እንግዳ ይህንን ሲያይ ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። ጠብ የለም። በዚያ ቀን የመንደሩ አባቶች ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻቸውን ይዘው፣ እናት ሳትከተል፣ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ኮረብታ ይወጣሉ፤ አጋም ይለቅማሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ከሣር ቀለበት እየሠሩ ትንንሽ ጣቶች ላይ ያስራሉ። መውጣቱ ቀላል ነው። ሲወርዱ ግን መንገዱ በሁለት ትልልቅ ቋጥኞች መካከል ያልፋልና እናቶቹ እዚያ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል፤ እያንዳንዷም ባሏን ስለ ልጁ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። «እንቅልፉ ሲመጣ የቱን ጆሮውን ያሻል?» «የተነቃነቀው ጥርሷ የቱ ነው?» «ማታ ማታ ማንን እየጠራ ነው የሚባንነው?» ያወቀ ያልፋል፤ ያላወቀ ከነልጁ ወደ ላይ ይመለሳል። ይግባኝ የለም። ቄስም ሆነ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ ከተማ ውሎ አድሮ የነቃ ነኝ ባይም ቢሆን ከዚያች በር አያመልጥም።

ኮረብታው አልነጋም ይባላል። ጠዋት ፀሐይ ከአገሩ ሁሉ ቀድማ የምታርፍበት ኮረብታ እንዴት አልነጋም ተባለ ቢሉ፣ ሽማግሌዎቹ ነገሩን የሚጀምሩት ከአንድ ከብት ዐዋቂ ሰው ነው።

ሰውየው ስንሻው ይባል ነበር፤ መንደሩ አያ ስንሻው ይለዋል። ከብት ዐዋቂ የተባለውም እንዲያው ለወግ አልነበረም። እንደሚነገረው፣ በሬ ጠፍቶ በሩቅ ገበያ ቢገኝና ሁለት ሰዎች የኔ ነው የኔ ነው ቢባባሉ የሚጠራው እሱ ነው፤ መጥቶ ጭቃው ላይ ያለውን ኮቴ ዝቅ ብሎ ያይና «ይህ የእገሌ ነው፤ በግራ የኋላ እግሩ ያነክሳል፣ አምና ተንሸራቶ ነው» ይላል፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ዕድሜን ከጥርስ፣ ጠባይን ከዐይን፣ ዘርን ከቀንድ ለይቶ ያውቃል። ከቤቱ የሚወጣው ጎሕ ሲቀድ፣ የሚገባው ዐይን ለዐይን መተያየት ሲያቅት ነበርና፣ የአራት ዓመት ልጁን አስካልን የሚያያት ብዙውን ጊዜ ተኝታ ነው። ይህ በዚያ ዘመን እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር፤ ልጅ እስኪጠና የእናቱ ነው፣ ከጠና በኋላ የአባቱ ይሆናል ይባል ነበርና።

ልጆችን ይዞ ወደ ኮረብታው መውጣትም የሴቶች ነገር ነበር። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል እናቶች ልጆቹን ሰብስበው አጋም ሊያስለቅሟቸው ይወጣሉ፤ ልጆቹም ያቺን ቀን ከፋሲካ እኩል ይጠብቋታል። አንድ ዓመት ግን ልክ በዋዜማው ከወንዝ ማዶ አንዲት ባልቴት ሞቱ። ወንዶቹ ቀብሩን አድርሰው ተመለሱ፤ ሴቶቹ በሙሉ ለልቅሶው እዚያው ቀሩ። መንደሩ ውስጥ የነበረችው የስንሻው ሚስት ጠጅቱ ብቻ ናት፤ እሷም ወሯ ገብቶ ስለነበር ወንዝ ልትሻገር ቀርቶ ዳገት መውጣት ተከልክላለች። ልጆች ደግሞ ልቅሶ ብሎ ነገር አይገባቸውም። ከማለዳ ጀምረው መንደሩን በእሪታ ሲያናውጡት ጊዜ ወንዶቹ ተሰበሰቡና «ምን ገዶን፣ እኛው ይዘናቸው እንወጣለን፤ መቶ ከብት የሚጠብቅ ሰው አሥር ልጅ ያቅተዋል?» ተባባሉ። ይህንን ያለው ራሱ ስንሻው ነው የሚሉ አሉ።

ወጡ። ልጆቹን አጋሙ መሀል ለቀቁና እነሱ ወይራ ሥር ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ጨዋታቸው በሬ ነበር፤ ሌላ ምን ያውቁና! የስንሻው ጎረቤት እሸቴ አዲስ የገዛውን ወይፈን «ሦስት ዓመቱ ነው» ሲል፣ ስንሻው «አራት ሞልቶታል፤ ጥርሱን ሳታይ ነው የገዛኸው» ሲል፣ የቀሩትም ለሁለት ተከፍለው ሲያራግቡ፣ ፀሐይዋ እንዴት እንደ ዞረች ያየ የለም። የኮረብታው ምሥራቃዊ ወገን ሣሩ ሲያልቅ መሬቱም አብሮት የሚያልቅ፣ ቁልቁል የተቆረጠ ገደል ነው። ሴቶቹ በወጡ ቁጥር ከመካከላቸው አንዷን በዚያ በኩል ያስቀምጡ ነበር። ወንዶቹ ማንንም አላስቀመጡም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መጣ። ገና ሲታይ ጭስ ይመስል ነበር፤ ዘወር ሲሉ ወይራውን ውጦታል። ወንዶቹ ተደናግጠው ተነሡ፤ እያንዳንዱ እጁ የደረሰበትን ልጅ አፈፍ እያደረገ ቁልቁል ሮጠ። ስንሻውም ከወይራው ግንድ ሥር የተኛች ትንሽ ልጅ አየ፤ ራሷ ተላጭቶ ግንባሯ ላይ ቁንጮ የቀረላት፣ ቀሚሷም የመንደሩ ሸማኔ ለሕፃን ሁሉ የሚሠራው ዓይነት ነው። ብድግ አድርጎ በጋቢው ጠቀለላትና እቤቱ ድረስ ሳይቆም ወረደ።

«ይኸው፣ ጠል እንኳ አልነካትም» ብሎ ለሚስቱ አስረከባት። ጠጅቱ ጋቢውን ገለጥ አደረገች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ መልሳ ሸፈነች።

«ይቺ ትርንጎ ናት» አለች።

«የቷ ትርንጎ?»

«የእሸቴ ልጅ ናታ። የኔዋስ?»

ስንሻው ጎንበስ ብሎ ልጅቷን እንደ አዲስ አያት። «ቀሚሷ ያው ነው» አለ።

«ቀሚስ ነው የሰጠሁህ?» አለችው። ጠጅቱ እስከዚያች ቀን ድረስ ባሏን አንቱ ነበር የምትለው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንቱ ስትል የሰማት የለም።

ይህን ጊዜ እሸቴ እያለከለከ ገባ። ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ይዞ ሲወርድ ሴቷን አጎቷ ይዟት ወርዷል ብሎ ነበር፤ አጎቷ ደግሞ አላያትም። ትርንጎን አንሥቶ አቀፈና የሆነ ነገር ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የጠጅቱን ፊት ሲያይ ዋጠው። አስካል ከጉሙ ጋር ኮረብታው ላይ ቀርታለች፤ ገደሉም እዚያው ነው። ይህንን ማንም ለማንም መንገር አላስፈለገውም።

ሁለቱ ሰዎች ሮጡ። ጠጅቱ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እስከ ቋጥኞቹ ተከተለቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ እግሯም እስትንፋሷም እምቢ አሏት። እሸቴ ብቻዋን ሊተዋት አልደፈረምና እሷ ዘንድ ቆመ፤ ስንሻው ብቻውን ወጣ።

ላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ጣቱን አያይም። «አስካል! አስካል ሆይ!» ሲል ከማዶ ያለ ከብት በሚጠራበት ድምፅ ተጣራ። ገደሉ ድምፁን መልሶ ሰጠው፤ ሌላ የመለሰ የለም። ወዲያ ሲል ጠጠር ከእግሩ ሥር ተንሸራቶ ወረደ፤ መሬት እስኪነካ ጆሮውን ጥሎ ቢያዳምጥ አልሰማውም። እየተንፏቀቀ ወደ ኋላ ተመለሰና ወደ ቋጥኞቹ ዞሮ ጮኸ።

«አትመልስልኝም!»

«በምን ድምፅ ነው የጠራሃት?» የጠጅቱ ድምፅ ከጉሙ ሥር መጣ።

«በድምፄ ነዋ!»

«እሱን ድምፅ የምታውቀው ስትቆጣ ነው። በሱ ከጠራሃት ትሸሻለች እንጂ አትመጣም! ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ!»

«ቁጭ በል! የቆመ ሰው ትፈራለች!»

ስንሻው ተቀመጠ። በሕይወቱ ብዙ ነገር ታዝዞ ያውቃል፤ ከሚስቱ ግን ያኔ መጀመሪያው ነበር። «ከዚያስ?» አለ።

«አሁን ዐይንህን ሸፍንና ኩኩሉ በል!»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ እሸቴ ይበልልህ?»

«ሰው ይሰማል'ኮ፣ ሴትዮ!»

«እኔ አልሰማሁም፤ በል አያ ስንሻው!» አለ እሸቴ ከታች።

ስንሻው ጋቢውን ዐይኑ ላይ ሳበ። የመጀመሪያው ኩኩሉ ከጉሮሮው አልወጣም፤ ሳል ነው የመሰለው። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው ልጅ ሳለ ይጠራበት የነበረው ቅላጼ እንዴት እንደሆነ ሳያውቀው መጣለት።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አለ ትንሽ ድምፅ። ከምሥራቅ ነው፤ ከገደሉ አፍ።

ስንሻው ሊነሣ አንድ ጉልበቱን አነሣ። ጠጅቱም ሰምታ ኖሮ «እንዳትነሣ!» ብላ ጮኸች። «ያለ ሕጉ ከመጣህ ትሮጥብሃለች! ነጋ እስክትል ድረስ ዐይንህን እንዳትገልጥ!»

ጨዋታው እንዲያ ነውና፤ የተደበቀው ልጅ የሚመቸውን ቦታ እስኪይዝ አልነጋም ይላል፣ ሲመቸው ነጋ ይላል፣ ፈላጊው የሚነሣው ያኔ ነው። ስንሻው መልሶ ተቀመጠ። ያ የከብት ኮቴ አንባቢ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ልጁ በገደል አፍ ቦታ ስትቀያይር በጆሮው ብቻ መከተል ቀረው። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ኩኩሉ ይላል፤ አልነጋም ትላለች፤ ድንጋይ ኮለል ሲል ይሰማል። ኩኩሉ ይላል፤ ዝም። ያን ጊዜ ላብ ከጢሙ ይንጠባጠብ ነበር ይባላል። ደግሞ ኩኩሉ ሲል አልነጋም ከአጋሙ መሀል መጣ፤ ቅርንጫፉ ተንኮሻኮሸ። ደግሞ ሲል ከወይራው ወዲህ ሆነ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ሁለት ጊዜ ቢጠራ፣ ሦስት ጊዜ ቢጠራ መልስ የለም።

«ነጋ!» የሚለው የመጣው ከጀርባው ነው። ዞሮ የጋቢውን ጫፍ ቢያነሣ አስካል ሥሩ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች፤ አፏ በአጋም ጠቁሯል።

«አገኘኋት!» ብሎ ወደ ታች ጮኸ። ቀጥሎም ልጁን «እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር?» አላት፤ ያ የቁጣ ድምፁ ሊመጣበት ሲል እየመለሰው።

«ተደበቂ አላልከኝም እንዴ?» አለችው።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ስለ ወይፈኑ ጥርስ ሲከራከር ጋቢውን የጎተተው ነገር ነበር፤ እሱም ፊቱን ሳይመልስ «በይ ሂጂ ተደበቂ» ብሎ ነበር። ዝንብ እንዳባረረ ነበር የቆጠረው። እሷ ግን ሂጂ ስለተባለች ሄዳ፣ ጉሙም ሲመጣ፣ ሰዉም ሲሮጥ፣ በስሟም ስትጠራ፣ ኩኩሉ እስኪላት ድረስ ስትጠብቀው ቆይታለች።

እሸቴ አልሰማሁም ያለው ሁሉ እስከ ማግስቱ ድረስ ነው። ሴቶቹ ከልቅሶ ሲመለሱ ወንዙ ዳር ተቀብሎ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው፤ መንደሩም ስንሻውን ባየ ቁጥር «አያ ስንሻው፣ ነጋ እንዴ?» ይለው ጀመር። ስንሻው መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ግን «ገና አልነጋም» እያለ ማለፍ ለመደ። አልነጋም የሚለው ስምም ከሰውየው አልፎ ኮረብታው ላይ ተተከለ። በዓመቱ ያቺ እሑድ ስትደርስ ሴቶቹ አንወጣም አሉ። «እናንተ ውጡ፤ እኛ ከቋጥኞቹ ሥር ሆነን ልጅ ማምጣታችሁን ወይስ ቀሚስ ማምጣታችሁን እናያለን» አሉ። የመጀመሪያዋን ጥያቄ የጠየቀችው፣ ያን ጊዜ በሆዷ የነበረውን ልጅ ታቅፋ፣ ጠጅቱ ናት ይባላል፤ ምን ብላ እንደጠየቀችው አንዱ አንድ ሌላው ሌላ ይላል። አሁንም ኮረብታው ያው ነው፤ አጋሙ አለ፣ ቋጥኞቹ አሉ፣ በገደሉ በኩል አንድ አባት ተራ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከቀትር በኋላም ከላይ የጎለመሱ ሰዎች ኩኩሉ እያሉ ሲጣሩ መንደር ድረስ ይሰማል።

ሽማግሌዎቹ ግን ታሪኩን የሚጨርሱት በስሙ አይደለም። ያን ቀን ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር፤ ስንሻው ልጁን አዝሎ «እንሂድ፣ እናትሽ ከታች ቆማለች» ብሎ መንገድ ሊጀምር ሲል አስካል ተንሸራታ ወረደችበት ይባላል። ሄዳ ፊቷን ከወይራው ግንድ ላይ ለጠፈች፤ ዐይኗን በሁለት መዳፏ ሸፈነች።

«አሁን ደግሞ አንተ ተደበቅ» አለችው።