ዘጠነኛዋ መርፌ

በአንድ ወቅት፣ መድኃኒት የሌለው ባዶ መርፌ ሕመም ያስታግሳል ሲባል ነርሶች ራሳቸው በሚስቁበት ጊዜ፣ ስሟ ባይጠራ ቅር በማይላት አንዲት የወሎ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ለጤና ባለሙያዎች የአምስት ቀን የአኩፓንክቸር፣ ማለትም በባዶ መርፌ የማከም ሙያ፣ መግቢያ ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኟ ዶክተር ሐረገወይን ትባላለች። ቻይና ሰባት ዓመት ተቀምጣ ሙያውን የተማረች፣ ቶሎ የማትስቅ፣ ከጀመረች ግን ቶሎ የማታቆም ሴት ናት። ሻንጣዋ ውስጥ ከመርፌዎቹ ጋር አንድ ደብዳቤ ይዛለች። ደብዳቤው የአንድ ሰው ስም ብቻ የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለው። ስሙ የተሞላለት ሰው ስድስት ወር ተጨማሪ ይማርና በሆስፒታሉ የሚከፈተውን የሕመም ማስታገሻ ክፍል ይመራል። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት የሚመልሳት መኪና ከመነሳቱ በፊት ስሙ መጻፍ አለበት፤ ሠልጣኞቹም ይህን ያውቃሉ።

እስከ ዓርብ ጠዋት ሐረገወይን ከአሥራ አራቱ ሠልጣኞች ሦስቱን ለይታ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱን መለየት ግን አቃታት።

ሲስተር ትርንጎ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ናት። እሷ መርፌ ስትሰካበት ሰው የጀመረውን ወሬ እንኳን አያቋርጥም።

ዘምዘም አዋላጅ ነርስ ናት። የማይረባ ነገር ሁሉ ትመዘግባለች ብለው ይቀልዱባታል፤ መርፌ ስትይዝ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ልጅ ስታዋልጂ የማትፈሪ፣ ፀጉር ለምታህል መርፌ?» ሲሏት፣ «ልጁ ራሱ ነው የሚመጣው፤ ይቺን የምልካት እኔ ነኝ» ትላለች።

እንድሪስ ፊዚዮቴራፒስት ነው። መርፌ የሚሰካባቸውን ነጥቦች ስም እያምታታ ሁለት ፈተና ወድቋል። ነገር ግን ለሐኪም አልናገርም ያለ ታማሚ እሱ አጠገብ ከተቀመጠ የጎረቤቱን ሚስጥር ሳይቀር ያወራል።

ሰሌዳው ላይ ከሰኞ ጀምሮ ያልጠፉ ሁለት መስመሮች አሉ፦ «መጀመሪያ ራስህን ውጋ። ያስገባኸውን ቆጥረህ አውጣ።»

ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ የቆቦ ማሽላ ነጋዴ መጡ። አሥራ አንድ ዓመት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ያልተነሱት ራጅ፣ ያልዋጡት ክኒን የለም። ሐረገወይን በእጅ፣ በእግርና በአንገት ላይ ስምንት መርፌ አዘዘች፤ ቅጹም ላይ ስምንት ተብሎ ተጻፈ። ማን እንደሚሰካ ዕጣ ሲወጣ ለትርንጎ ደረሰ።

ትርንጎ ስምንቱን ሰክታ ስትጨርስ ሴትየዋ አናታቸውን ጠቆሙ። «ሲብስብኝ እኮ እዚህ ጋ ነው በጡጫ የምመታው።»

ትርንጎ ዞር አለች። ሐረገወይን ሌላ አልጋ ላይ አጎንብሳለች። ትርንጎ አልጠራቻትም፤ ዘጠነኛ መርፌ ከፍታ በፀጉራቸው መሃል በዘዴ አጋድማ ሰካቻት።

ሴትየዋ ጥቂት ቆዩና እንባቸው ወረደ።

«ምነው፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም። እሱ እኮ ነው የሚያስለቅሰኝ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ሐረገወይን እንኳን ሳቀች። ትርንጎም በዚያ ሁካታ መሃል መርፌዎቹን እየቆጠረች ነቀለች። ቅጹን አየች፤ ስምንት ይላል። የነቀለችውም ስምንት ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ ሁሉንም እየመረቁ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ስድስት ሰዓት ላይ የምስክር ወረቀት ሊሰጥ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ንግግር ጀመረ። ሁለተኛው «በመጀመሪያ» ላይ ሲደርስ ዘምዘም ወይዘሮ የሺመቤት ከታከሙበት አልጋ ሥር ካለው ቆሻሻ ቅርጫት አጠገብ እጇን አወጣች።

«ዶክተር፣ አንዴ ይቅርታ።»

«ንግግር ላይ ነን እኮ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቅጻቸው ላይ የተጻፈው መርፌ ስምንት ነው። ባዶ ማሸጊያው ግን ዘጠኝ ነው።»

«ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ካዋለድኩ በኋላ ፋሻ ሳልቆጥር ወጥቼ አላውቅም። ለምዶብኝ ነው።»

ትርንጎ እጇን በራሷ አናት ላይ ጫነች። «ወይኔ! አናታቸው ላይ!»

ሐረገወይን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሰበችው፦ ሻሹ፣ የቆቦ መንገድ ኮረኮንች፣ አናታቸውን በጡጫ የሚመቱት ሴትዮ። ከዚያም በነገው ገበያ የሚወራው ወሬ። የሕመም ማስታገሻ ክፍሉ ሳይከፈት ሊዘጋ ነው። ቀና ስትል የእንድሪስ ወንበር ባዶ ነው፤ ከግቢው በር ላይ ባጃጅ አስቁሞ ይጣራል። ሮጣ ደረሰችበት።

የቆቦው አውቶቡስ ወጥቶ ኬላው ላይ ለፍተሻ ቆሞ አገኙት። ሐረገወይን ቀድማ ገባች።

«እናቴ፣ አናትዎ ላይ አንዲት መርፌ ረስተናል። አሁኑኑ መውጣት አለባት።»

ወይዘሮ የሺመቤት ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አትነኪያትም! አሥራ አንድ ዓመት የት ነበርሽ?»

«ልትጎዳዎት ትችላለች።»

«ጎዳኝ ያለው ማነው? እሷን ከነቀላችሁ ይመለስብኛል!»

ተሳፋሪው ግማሹ «ይተዉዋቸው» ግማሹ «ይንቀሉላቸው» እያለ ተነሳ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። እንድሪስ ሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ አዲስ መርፌ ከፈተ፣ የገዛ እጁን በአልኮል ጠረገና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ሰካት።

«ይህ ልጅ አብዷል እንዴ?» አሉ።

«እማማ፣ መርፌ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ናት። በሩ ከተከፈተላት በኋላ እያንኳኳች ትቆማለች?» ነቀላትና እጁን አሳያቸው። «የእርስዎ በር ተከፍቷል።»

«አይመለስብኝም በለኛ!»

«አይመለስብዎትም። በእኔ ይሁንብዎት።»

ሐረገወይን ከንፈሯን ነከሰች። ይህን ቃል ለማንም ታማሚ እንዳይሰጡ ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምራለች። ሆኖም አላረመችውም፤ ሻሹ እየተፈታ ነበርና። እንድሪስ ቀስ አድርጎ መርፌዋን አወጣ። አውቶቡሱ በእልልታ ተሞላ፤ ሾፌሩም «ወገቤንስ ማን ያይልኛል?» አለ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሐረገወይን ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሦስቱን አስጠራች። እነሱ ሲገቡ ስልኳ ጮኸ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ደርሻለሁ፤ እስካሁን ደህና ነኝ። በሳምንቱ እህቴን ይዤ እመጣለሁ። ያቺን አናቴን ያገኘችዋን ልጅ አዘጋጁልኝ!»

ከጎኗ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ራሱን ነቀነቀ። «እሳቸው የሚያውቁት ግማሹን ነው። ዘምዘም ባትቆጥር እኔ እስካሁን ንግግር ላይ ነበርኩ፤ መርፌዋም ቆቦ ነበረች።»

«ረስቻለሁ፣ አልክድም» አለች ትርንጎ። «ግን እኔ ባልሰካት የምትረሳም መርፌ አትኖርም ነበር። ሴትየዋም እንዳመማቸው ይሄዱ ነበር።»

«እጄ በስድስት ወር ይጸናል» አለች ዘምዘም ወለሉን እያየች። «መቁጠር ግን በስድስት ወር የሚለመድ አይመስለኝም።»

እንድሪስ እጁ ላይ የቀረችውን ቀይ ነጥብ አሸት አደረገ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግን አንዳችሁም አውቶቡሱ ውስጥ አልነበራችሁም።»

ሐረገወይን ሦስቱንም አየቻቸው። አንዷ ሐረገወይን ራሷ ያላዘዘችውን ቦታ ያገኘች፣ ያደረገችውን ግን ያልጻፈች ናት። አንዷ ማንም ያላየውን አይታለች፤ መርፌ ስትይዝ ግን ትንቀጠቀጣለች። ያኛው ማንም ያላሳመናቸውን ሴት አሳምኗል፤ ያሳመናቸው ግን ሊሰጥ በማይገባው ተስፋ ነው። ውጭ መኪናው ጥሩንባ ነፋ። ብዕሯን ከፍታ አንድ ስም ጻፈች፤ ደብዳቤውንም አጠፈች።

ከዚያ ወዲህ በየሄደችበት ሥልጠና፣ መርፌዎቹ ሳይከፈቱ፣ ይህን ታሪክ እስከዚህ ድረስ ትነግራቸዋለች፤ የጻፈችውን ስም ግን አትናገርም። ሠልጣኞቹ እስከ ሻይ ሰዓት ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹም ሻዩን ሳይጠጡ ይመለሳሉ። እስካሁን የተስማማ ክፍል አልተገኘም።

እንግዲህ ብዕሩ በእናንተ እጅ ቢሆን፣ ክፍሉ የሚገባው ለማን ነበር? መርፌዋን ለሰካችው፣ ለቆጠረቻት ወይስ ላወጣት?