የአበጋዝ ግቢና የድንበሩ ዋንዛ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በእጁ የነበረውን ጥሎ መልሶ ያንኑ ሲያሳድድ ከታየ፣ ሰዎች ተያይተው አንዲት አጭር ቃል ጣል ያደርጋሉ። እንግዳ ሰው ሲሰማት ቀልድ ትመስለዋለች፤ ተከትሎ ይስቃል። የአገሬው ሰው ግን ስቆ ሲያበቃ ዝም የሚልበት ምክንያት አለው። ያቺ ቃል ከመወለዷ በፊት የሰው ነፍስ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። ነገሩ እንዲህ ነው።

አበጋዝ ይመር የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው በጭነት መኪና ሾፌርነት ነው። ከአፋር በረሃ እስከ ደሴ ዳገት አቧራና ግለት ሲውጥ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ባለው ጊዜ መሪውን ለልጅ እግር ሾፌር አስረክቦ ወደ አባቱ ግቢ ገባ። አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ በገዛ ደጁ ወንበር አውጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የሐይቁን ውሃ እያየ መዋል። አገሩም ለዚህ የተመቸ ነው። ብርዱ አያንሰፈስፍም፣ ሙቀቱም አያፍንም፤ ጥላ ያለው ሰው ከቤቱ ይልቅ ደጁን ይወዳል።

በቤቱ በረንዳና በውሃው መካከል ግን አንድ ዋንዛ ቆሟል። አባቱ ይመርና የጎረቤታቸው የእመት ዘሃራ ባል፣ ሁለቱም ጎልማሶች ሳሉ፣ ለድንበር ብለው አብረው የተከሉት ዛፍ ነው። ከጊዜ ብዛት ግንዱ ወፍሮ ወደ አበጋዝ ግቢ ገብቷል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ የሁለቱንም ግቢ ሸፍኗል። እመት ዘሃራ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቤታቸው ከዛፉ ሥር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ትንሿ የጭቃ ቤት ናት።

አበጋዝ ግቢውን የምታሳምርለት ባለሙያ ከደሴ አስመጣ። ምንታምር ትባላለች፤ ሙያውን ተምራ ብዙ ግቢ ያስዋበች ወጣት ናት። ግቢውን ዞራ አየች፤ ፀሐይዋ ጠዋት በየት እንደምትገባ፣ ቀትር ላይ የት እንደምታርፍ ጠየቀች። በማግስቱ ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችለት። በዋንዛው ሥር በድንጋይ የተነጠፈ መቀመጫ፣ ከመቀመጫው ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ዳር እስከ በሩ የአበባ መደብ።

«ውሃውስ?» አለ አበጋዝ። «ይኸ ዛፍ እንደ ግድግዳ ተገትሮብኝ ውሃውን በምን አየዋለሁ?»

«ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች እናነሳለታለን፤ ከሥሩ ሆነው ውሃው ወለል ብሎ ይታይዎታል። ዛፉ ግን አይነካ፣ ጋሽ አበጋዝ። የዚህ ግቢ ጣሪያ እሱ ነው።»

«ጣሪያማ ቤቴ አለኝ። እኔ የምፈልገው ሜዳ ነው።»

በዚህ ሲከራከሩ ሌላ ነገር መጣ። ሴት ልጁን ትርንጎን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ እንደሚመጡ ከደሴ ተደወለ። አበጋዝን ጥድፊያ ያዘው። እንግዶቹ በር ሲከፈትላቸው ውሃው ፊት ለፊት ወገግ ብሎ ሊያዩት ይገባል፤ «የማን ቤት ነው?» ሊሉ ይገባል። ምንታምርን ጠርቶ ዛፉ ከእሑድ በፊት እንዲነሳ አዘዛት።

ምንታምር ንድፏን ጠቀለለች። «ዛፉ ከተቆረጠ ይኸ ሥራ የእኔ አይደለም። አይቀየሙኝ» አለችና በአክብሮት ተሰናብታ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ጫኔ የሚባል እንጨት ቆራጭ ሁለት ሰዎችና የሞተር መጋዝ ይዞ መጣ። ዋንዛ ለጣውላ ተፈላጊ ነው፤ ጫኔም ግንዱን ገና ከበር ሲያየው ዓይኑ በራ። «መቁረጡ በነጻ፣ እንጨቱ ለእኛ» አለ። «ግን ዛሬ ነው። ነገ ሌላ ቦታ ቃል አለብን።»

አበጋዝ ሳያወላውል እጁን ዘረጋለት።

ሚስቱ እንጉዳይ ይህን ሰምታ ከቤት ወጣች። «አንተ ሰው፣ እመት ዘሃራን ጠይቀሃል?»

«ግንዱ በእኔ ግቢ አይደለም እንዴ?»

«የተከሉት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ደግሞ ወደ ማን እንዳጋደለ አታይም? ቢያንስ ከቤታቸው ይውጡ።»

«በገመድ ወደዚህ ይሳባል። አትሟርቺብኝ።»

እንጉዳይ ልቧ አላርፍ ብሏት በአጥሩ መሹለኪያ ሄዳ የጎረቤቷን በር ገፋ ብታደርግ ዝግ ነው። እመት ዘሃራ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይወጣሉ፤ ዛሬም ሄደዋል ብላ ተመለሰች። እሳቸው ግን ከጓሮ ነበሩ። ጎመናቸውን አጠጥተው፣ ከጓሮው በር ገብተው፣ ውዱእ የሚሉትን የሰላት ትጥበት አድርገው ለቀትር ሰላት መስገጃቸውን ሲያነጥፉ ማንም አላያቸውም።

እሳቸው ሰላት እንደ ጀመሩ መጋዙ ጮኸ። ግንዱ ነጭ ብናኝ እየተፋ እስከ መሐሉ ተበላ። ሁለቱ ሰዎች ከላይ የታሰረውን ገመድ ወደ አበጋዝ ግቢ ወጥረው ይዘዋል። አበጋዝ በረንዳው ላይ ቆሞ በቅርንጫፉ መሐል የሚያብረቀርቀውን ውሃ እያየ ነበር፤ ትንሽ ቀረ ብሎ በልቡ ተደስቷል።

ያን ጊዜ ነፋሱ ከሐይቁ ተነሣ። ቀትር ሲያልፍ ሁልጊዜ የሚነሣው ነፋስ ነው፤ የዛፉ አናት ግን እንደ ሸራ ተቀበለው። ግንዱ አንዴ ተንቋቋ። ገመዱ ተወጥሮ ዘፈነ፤ ወዲያው እንደ ጅራፍ ጮኾ ተበጠሰና ሁለቱን ሰዎች በጀርባቸው ዘረራቸው። ዋንዛው ወደ እመት ዘሃራ ቤት ዘመም አለና ባልተቆረጠው ጎኑ ተንጠልጥሎ ቆመ።

«ሽሹ!» አለ ጫኔ። መጋዙን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ፤ የተዘረሩትም ተነሥተው ተከተሉት።

«ማንም የለም፣ ቤቱ ባዶ ነው» አለ አበጋዝ ለራሱ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ በትንሿ ቤት መስኮት በኩል አንድ ነጭ ነገር ዝቅ ሲል አየ። የእመት ዘሃራ ሻሽ ነው። ዝቅ አለ፤ ቀና አለ፤ እንደገና ዝቅ አለ።

«እመት ዘሃራ!» ብሎ ጮኸ። «ይውጡ! እመት!»

ሻሹ ስግደቱን አላቆመም።

አበጋዝ ወገቡን ረሳው። በአጥሩ መሹለኪያ ሲገባ እሾሁ ሸሚዙን ቀደደው። ከራሱ በላይ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ በረዥሙ ያቃስታል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያቃስታል። በሩን በትከሻው መታው፤ መወርወሪያው ከነምስማሩ ወለቀ። እመት ዘሃራ ግንባራቸውን መስገጃው ላይ ደፍተዋል።

«እመት፣ ዛፉ! ዛፉ መጣ!»

ሴትዮዋ ቀና አሉ እንጂ አልዞሩም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሰላት ላይ ሆነው ሰው ቢጠራቸው መልሰው አያውቁም፤ አበጋዝ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ልጅ ሳለ በዚሁ ቤት፣ በዚሁ መስገጃ ዳር፣ ጸሎታቸው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ጠብቆ ዳቦ የበላ ሰው ነው። አሁንም እጁን ሊሰነዝር ብሎ ፈራ። እናቱን ከአምላኳ ፊት ጎትቶ የሚያስነሣ መሰለው። ቆመ። ከጣሪያው ላይ ቅጠልና አፈር ረገፈ፤ ቆርቆሮውን የሆነ ነገር ቧጠጠው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለና ጎንበስ ብሎ በሁለት ክንዱ አቀፋቸው።

እንደ ሕፃን ቀልለው ተነሡ። እሳቸው ግን ምን እንደ ሆነ ስላልገባቸው ደረቱን በጡጫ ይመቱታል። ደፉን ተሻገረ፤ በጓሮው በር ወጣ፤ የጎመኑን መደብ እየረገጠ ሮጠ። ከኋላው አየሩ ራሱ የተቀደደ መሰለ። ምድሪቱ ከእግሩ ሥር ዘለለች። ሁለቱም ጎመኑ ላይ ወደቁ፤ አቧራ ሸፈናቸው።

አቧራው ሲሳሳ ዋንዛው በቤቲቱ ላይ ተኝቷል። ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተጨማድዷል። መስገጃው የነበረበት ቦታ የእግር መርገጫ የሚያህል ክፍተት እንኳ አልቀረለትም፤ የግንዱ ወገብ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

እንጉዳይ እየጮኸች በአጥሩ ዞራ መጣች። አበጋዝ ጎመኑ መሐል በጉልበቱ ተንበርክኳል። እመት ዘሃራ ቤታቸውን አዩ። ዛፉን አዩ። ከዚያ እሱን አዩት፤ ረዘም አድርገው አዩት።

«ሰላቴን አቋረጥክብኝ» አሉ።

ነጠላቸውን አራግፈው አፈሩ ላይ አነጠፉና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ጫኔ ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም። እመት ዘሃራን እንጉዳይ ወደ ቤቷ አስገባቻቸው፤ የሳሎኑን አልጋ አነጠፈችላቸው። አበጋዝ በማግሥቱ አናጢና ጭቃ ረጋጭ ጠርቶ ቤታቸውን እንደ አዲስ ማሠራት ጀመረ። ሴትዮዋ ያቀረቡላቸውን ይበላሉ፣ እንጉዳይን ያመሰግናሉ፣ ከትርንጎ ጋር ይጫወታሉ። ለአበጋዝ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲገባ ዝም፣ ሲወጣ ዝም። እሱም ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት አራት ጊዜ ከአጠገባቸው ቆሞ፣ ዝምታቸው ከብዶት ወጥቷል። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ሽማግሌዎቹን ለሌላ ጊዜ እንበላቸው» አለ ለሚስቱ።

«መንገድ የጀመረ ሽማግሌ ይመለስ ይባላል? በልጅህ ዕድል ላይ?» አለች እንጉዳይ። «የሠራኸውን ፊት ለፊት ታያለህ።»

እሑድ ረፋድ ላይ እንግዶቹ ደረሱ። ሰብሳቢያቸው የሚያገባው ልጅ አጎት አቶ ደምሌ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ሲሠሩ የኖሩ፣ ጥያቄ የሚያውቁ ሰው። ውሃው በእርግጥ ፊት ለፊት ወገግ ብሏል። ወንበሩ አበጋዝ በሁለት ቀን በችኮላ ባስነጠፈው ድንጋይ ላይ ተደርድሯል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይዋ ግን የደጋ ፀሐይ ናት፣ ግንባር ለይታ ትመታለች። ጥቂት እንደ ተቀመጡ ድንጋዩ ጋለ። ከውሃው የሚመለሰው ነጸብራቅ ዓይን ያጠፋል። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጣሉ፤ ሌላው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ውሃውን የሚያይ የለም፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል።

አበጋዝ እንግዶቹን ወደ ቤት እንዳያስገባ ሳሎኑ በእመት ዘሃራ አልጋና ከፍርስራሹ በተረፈ ዕቃቸው ተሞልቷል። እየሮጠ ወደ ገበያ ወጣ። ሲመለስ ከአንድ ቡና ቤት የገዛውን ትልቅ፣ ባለ ቀይና ቢጫ የደጅ ጥላ በጫንቃው ተሸክሟል። መትከያ ስላልነበረው ምሰሶውን ራሱ በሁለት እጁ ይዞ በእንግዶቹ መሐል ቆመ። ነፋሱ ከሐይቁ መጥቶ ጥላውን ባነሣው ቁጥር እሱም አብሮ ይንገዳገዳል።

እንጉዳይ እመት ዘሃራን ደግፋ አምጥታ ከጥላው ሥር አስቀመጠቻቸው። አቶ ደምሌ ጉቶውን አዩ፤ ከአጥሩ ማዶ የፈረሰውን ቤት አዩ፤ አበጋዝንም አዩት።

«እናቴ» አሉ ወደ እመት ዘሃራ ዞረው፣ «ያ ቤት የእርስዎ ነው አሉ። እኛ ዝምድና ፍለጋ ነው የመጣን፤ ሰው ደግሞ የሚታወቀው በጎረቤቱ ነው። እኚህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ሳይደብቁ ይንገሩን።»

የጥላው ሸራ ይርገበገባል። ትርንጎ ከበሩ ጥግ ብቅ አለች። አበጋዝ ምሰሶውን እንደ ጨበጠ ቀድሞ ተናገረ።

«እኔው ልናገር፣ ጥፋቱ የእኔ...»

«አንተ ዝም በል!» አሉ እመት ዘሃራ። ከሐሙስ ወዲህ ለእሱ የተነፈሱት የመጀመሪያ ቃል ነበር። «የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አልደብቅም። በዛፉ ላይ የባሌም እጅ ነበረበት፤ ሳይጠይቀኝ ቆረጠው። ቤቴንም አፈረሰው። ነገር ግን ግንዱ ሲሰነጠቅ ሌላው ሁሉ ወደ ውጭ ሲሸሽ፣ እሱ ወደ ውስጥ ሮጠ። ዛሬ የምታዩኝ በእሱ ክንድ ነው። ልጂቱን ውሰዷት፤ የደግ ሰው ልጅ ናት።»

አበጋዝ እንባው መጣ፤ እጁ ስለ ተያዘ መጥረግ አልቻለም። አቶ ደምሌ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እመት ዘሃራ ቀና ብለው ከራሳቸው በላይ የሚንገዳገደውን ባለ ቀይና ቢጫ ሸራ አዩና ከንፈራቸውን ሊስቁ ፈታ አደረጉ።

«ብልሃቱን የጠየቃችሁኝ እንደ ሆነ ግን፣ ዛፉን ቆርጦ ጥላ ገዛ!»