የእንዲያው ጧፍ

«ምን ለምነህ ነው? ንገረኝ!» አለ ጓንጉል፣ የደምለውን ጋቢ ጨምድዶ ይዞ።

«ኧረ ምንም አልለመንኩም፣ ጌታው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጧፍ ለምን አመጣህ?»

«እንዲያው ነው።»

ልጆች፣ ይህ የሆነው ያ ዋርካ ገና ዘር ሳለ ነው። እኔ አላየሁም። የነገረኝም ሰው አላየም። ግን እውነት ነው።

ቀኑ የገብርኤል ንግሥ ነበር። ስለት ያለበት ሁሉ ስለቱን ይዞ መጥቷል። አንዱ «ልጅ ሰጥቶኝ» ይላል፤ ዣንጥላ ያገባል። አንዷ «ዓይኔን አብርቶልኝ» ትላለች፤ መጋረጃ ታገባለች። ሕዝቡ እልል ይላል። የደምለው ተራ ደረሰ። ደምለው ድሃ ነው። አንድ እንቅብ ሙሉ ጧፍ አስቀመጠ። ሰሙ ከገዛ ቀፎው ነው። ፈትሉን ሚስቱ እንጉዳይ ናት የፈተለችው።

«ምን አድርጎልህ ነው፣ ልጄ?» አሉት መምሬ ልሳኑ።

«እንዲያው ነው፣ አባቴ።»

ቄሱ ግራ ገባቸው። ሕዝቡም በምን እልል ይበል? ደምለው ግን እያንጎራጎረ ወጣ።

ጎረቤቱ ባለጠጋው ጓንጉል ተከትሎ የያዘው እዚህ ላይ ነው። ጓንጉል ሰው እንዲያው ሲሰጥ አይቶ አያውቅም። «እኔ እንኳ ለውሻዬ አጥንት የምጥልለት እንዲጮህልኝ ነው» አለ። «ይሄ ሰው ትልቅ ነገር ለምኗል። ትንሽ ቢሆን አይደብቀውም ነበር።»

ምን አደረገ? ሮጦ ሄደና ሁለት እንቅብ ጧፍ አመጣ። ሥዕሉ ሥር ተደፋ። «ገብርኤል ሆይ፣ ደምለው የለመነውን ለኔ እጥፍ አድርገህ ስጠኝ» አለ። ዓመቱን ሙሉ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

በዓመቱ ደምለው ከጓሮው ዘንባባ ራሱ የታታውን ሰሌን ይዞ መጣ።

«ምን አድርጎልህ ነው?» አሉት ቄሱ።

«እንዲያው ነው።»

ጓንጉል ሁለት ሰሌን አመጣ። «ለኔ እጥፍ አድርገህ ስጠኝ» አለ። ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

በሦስተኛው ዓመት የደምለው ንቦች ኮበለሉ። ዘንባባውም ደረቀ። ደምለው ባዶ እጁን መጣ። ባዶ እጁን ግን አልቆመም። እንስራ አዝሎ ከወንዝ ውሃ እያመላለሰ የንግሡን እንግዳ ሲያጠጣ ዋለ። ሴቶቹ «ወንድ እንስራ አዘለ!» ብለው ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

«ዛሬስ ምን አድርጎልህ ነው?»

«እንዲያው ነው!»

ጓንጉል ሁለት እንስራ ውሃ በአህያ አስጭኖ አመጣ። «ለኔ እጥፍ አድርገህ ስጠኝ።» ጠበቀ፣ ጠበቀ። ምንም።

ያን ጊዜ ደሙ ፈላ። ዳኛው ዘንድ ሮጠ።

«ዳኛዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ የለመነውን እጥፍ ስጠኝ እያልኩ ለመንኩ። አላገኘሁም። አንድ ተንኮል አለው! የለመነውን ይናገር። አለዚያ ማሳውን ይልቀቅልኝ።»

ማሳዋ የበሬ ግንባር የምታህል ናት። ደምለው ግን ከሷ ሌላ የለውም። እሷ ከሄደች፣ ልጆቹን ይዞ መሰደድ ነው።

«ምን ለመንክ?» አሉ ዳኛው፣ ደምለውን ከነሚስቱ ሸንጎ አስጠርተው።

«ምንም፣ ጌታዬ።»

«ምስክር አለህ?»

ለጸሎት ምስክር ከየት ይመጣል?

እንጉዳይ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ጌታው ጓንጉል ይምረጡ። ወይ ማሳችንን ይውሰዱ። ወይ ባሌ በሦስቱ ዓመት እግዜርን የለመነውን ሁሉ፣ ሳይጎድል፣ ይውሰዱ። ሁለቱንም ግን አይሆንም።»

ደምለው ደነገጠ። «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ?»

«ዝም በል። መስጠቱን አንተ ታውቃለህ። ሙግቱን ለኔ ተወው።»

ጓንጉል አሰበ። ማሳዋ የበሬ ግንባር። የሦስት ዓመት ልመና ግን! ምናልባት ወርቅ ነው። ምናልባት ሹመት ነው።

«የለመነውን!» ብሎ ጮኸ። «የለመነውን መርጫለሁ! ማሳው ይቅርብኝ!»

«ቃልህ ይጸናል?» አሉ ዳኛው።

«ይጸናል! ገብርኤልን!»

«እንግዲህ ደምለው፣ የለመንከውን አስረክበው።»

«ምን ላስረክበው ጌታዬ? ፀሐይዋን ሲያወጣልኝ ለምኜው ነው? ዝናቡን ሲያዘንብልኝ ጧፌን ቆጥሮ ነው? እንዲያው ሰጠኝ። እኔም ደስ ቢለኝ እንዲያው ሰጠሁ።»

«ይዋሻል!» አለ ጓንጉል።

ዳኛው ወደ እሱ ዞሩ። «እሱ የለመነውን እጥፍ ስጠኝ ብዬ ለመንኩ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ምን አገኘህ?»

«ምንም!»

«የምንም እጥፉ ምንድን ነው?»

ጓንጉል በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«በቃ። ምስክሩ አንተው ነህ» አሉ ዳኛው። «በል፣ ጋቢህን ዘርጋና ድርሻህን ተቀበል።»

ሸንጎው አውካካ። እንጉዳይ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ገና ነው» አሉ ዳኛው። «ንጹሕ ሰው ስለከሰስክ፣ ለከርሞ ንግሥ እንግዳውን ውሃ የምታጠጣው አንተ ነህ። ጀንበር እስክትጠልቅ። በገዛ ጀርባህ። አህያም የለም፣ አሽከርም የለም።»

ንግሡ ደረሰ። ጓንጉል እንስራ አዘለ። ሴቶቹ «እሰይ የኛ ኮረዳ!» አሉት።

መጀመሪያ ሲመለስ ይራገም ነበር። ሁለተኛ ሲመለስ አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት ከእጁ ተቀብላ ጠጣች። ማን እንደሆነ አላወቀችም። የምትሰጠውም የላትም። «ጥም አይንካህ፣ የኔ ልጅ» አለችው። ጓንጉል ቆሞ ቀረ። ደረቱን አንድ ነገር ሞቅ አደረገው። ሦስተኛ ሲመለስ እያንጎራጎረ ነበር።

መምሬ ልሳኑ ይህን አይተው ተረቱ። አገሩም ከሳቸው ተቀብሎ እስከ ዛሬ ይተርታል። «ለዋጋ የሚያገለግል ሲቆጥር ይመሽበታል፤ በፍቅር የሚያገለግል ሲዘምር ይመሽለታል።»

ጀንበሯ ጠለቀች። ደምለው ወደ ጓንጉል ሄደ።

«ጌታው፣ ፍርዱ አበቃ እኮ። ይግቡ ወደ ቤትዎ።»

ጓንጉል ቀና ብሎም አላየው።

«ዞር በል ከመንገዴ፣ አንተ ሰው! የተጠማ እንግዳ ቆሞ እያየህ ወሬ ታወራልኛለህ?»