ለብርቄ ቅንጬ የተነፋ ጡሩንባ

ተረት ተረት ብትሉኝ «የላም በረት» አልላችሁም፤ በዚያ ዘመን በሽታ ገብቶ በረቱም፣ ገበያውም፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ነበር። ሰው አፉን ሸፍኖ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ በሩን ቀርቅሮ ይውላል። ልጆች በሬዲዮ ይማሩ ተባለ። ደግ ተባለ። ምን በልተው ይማሩ? ይህን ማንም አላለም።

መምህርት እታፈራሁ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ሬዲዮ የሌላቸውን ተማሪዎቿን የራሷን ሬዲዮ አንጠልጥላ በየደጃፋቸው እየዞረች ታስተምራለች። አንድ ጠዋት ከልብስ አጣቢዋ ከዘውድነሽ ደጃፍ ደረሰችና ልጇን ብርቄን ጠራቻት። ብርቄ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሬዲዮው ይደምራል፣ ይቀንሳል፤ ልጅቷ ታንጎላጃለች።

«ስሚ እንጂ፣ ብርቄ።»

«አልሰማም፣ ቲቸር። የትምህርት ቤቱን ቅንጬ ካልበላሁ አልማርም።»

እናትየው ከጓዳ ወጣች። «አይቆጧት፣ መምህርት። በሽታ ታመጣብናለች ብለው ልብስ የሚሰጠኝ ሰው ጠፋ። ሰኞ ደላላው ይመጣል፤ ሌላ ከተማ ሰው ቤት ትገባለች። የሰው ልጅ ታዝላለች፤ ቢያንስ ትበላለች።»

ሰው ቤት የገባች ተማሪ ተመልሳ ደብተር ስትይዝ እታፈራሁ አይታ አታውቅም። ሬዲዮዋን ዘጋችና ተነሣች። አንድ ጣሳ ቅንጬ ነው፣ ምን ይከብዳል፣ አለች። እንዲህ ያለችው ስለማታውቅ ነው።

መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ፣ ወደ ጠጂቱ ሄደች። «ጠጂቱ፣ ድስትሽን ጣጂ። ካልጣድሽ ብርቄ አትበላም፤ ብርቄ ካልበላች አትማርም።»

«በደስታ ነዋ፣» አለች ጠጂቱ። «ድስቱ ይኸው ታጥቦ ተደፍቷል። ግን ባዶ ውሃ ላፍላላት? እህል ካልሰጡኝ አልጥድም። እህሉ ያለው መጋዘን ነው።»

እታፈራሁ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ንብረት ጠባቂው ጋሽ ወንዳፍራሽ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ መጋዘኑን ይክፈቱልኝ። ካልከፈቱ እህል አይወጣም፤ እህል ካልወጣ ጠጂቱ አትጥድም፤ ጠጂቱ ካልጣደች ብርቄ አትበላም፤ ብርቄ ካልበላች አትማርም።»

«እህሉማ ሞልቷል፣» አሉ። «ግን የተማሪ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ተማሪ የለም፤ ተማሪ ከሌለ ለማን እሰጣለሁ? ርዕሰ መምህሩ ካላዘዙኝ አልከፍትም። እኔንም ያሳዝነኛል፤ ነቀዝ እየጨረሰው ነው።»

«ነቀዙ ማንን አስፈቅዶ ነው የሚበላው?»

«እሱ አይጠየቅም፣» አሉና ቁልፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ ይቺ ላም ግን ሰማይ ላይ አልነበረችም፣ ከአንድ የቆርቆሮ በር ጀርባ ነበረች። እታፈራሁ ጥርሷን ነክሳ ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ አንዳርጌ በቤታቸው መስኮት በኩል አነጋገሯት። «አቶ አንዳርጌ፣ ይዘዙ። ካላዘዙ ጋሽ ወንዳፍራሽ አይከፍቱም፤ ካልከፈቱ እህል አይወጣም፤ እህል ካልወጣ ጠጂቱ አትጥድም፤ ካልጣደች ብርቄ አትበላም፤ ካልበላች አትማርም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ሆድ አብሮ ይዘጋል እንዴ?»

«ጥያቄሽ ግሩም ነው፣» አሉ አቶ አንዳርጌ። «ለወላጅ ኮሚቴው አቅርቢው። ኮሚቴው ካልወሰነ አላዝም፤ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ።» ይህን ብለው መስኮቱን በትሕትና ዘጉት።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይመር ከአጥራቸው ውስጥ ሆነው ሰሟት። እሷም ከአጥር ውጭ ቆማ አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። «ኮሚቴው ካልወሰነ አቶ አንዳርጌ አያዙም፤ ካላዘዙ ጋሽ ወንዳፍራሽ አይከፍቱም፤ ካልከፈቱ እህል አይወጣም፤ ካልወጣ ጠጂቱ አትጥድም፤ ካልጣደች ብርቄ አትበላም፤ ካልበላች አትማርም። ሰኞ ደግሞ ደላላው ይወስዳታል፣ አቶ ይመር።»

«ኧረ ልክ ነሽ፣» አሉ አቶ ይመር። «ግን ተሰብስበን ካልመከርን አንወስንም፤ መሰብሰብ ደግሞ ክልክል ነው።»

«በስልክ ተማከሩ።»

«በስልክ የምን ቃለ ጉባኤ አለ? ፊት ለፊት ካልተያየን ነገ አንዱ አላልኩም ይላል። ዘንድሮ ሰው ከደጁ የሚወጣው ለቀብር ብቻ ነው፤ እሱም ተራርቆ ቆሞ። እንግዲህ የእድሩ ጡሩንባ ካልተነፋ ኮሚቴው አይወጣም።»

እታፈራሁ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ድንበሩ ቤት ስትደርስ የአፏ መሸፈኛ አገጯ ላይ ወርዷል፣ ነጠላዋ ይጎተታል። ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም። «ጡሩንባ ካልተነፋ ኮሚቴው አይወጣም፤ ካልወጣ አይወስንም፤ ካልወሰነ አቶ አንዳርጌ አያዙም፤ ካላዘዙ ጋሽ ወንዳፍራሽ አይከፍቱም፤ ካልከፈቱ እህል አይወጣም፤ ካልወጣ ጠጂቱ አትጥድም፤ ካልጣደች ብርቄ አትበላም፤ ካልበላች አትማርም። ይንፉልኝ።»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ትንፋሽ ይቆጠባል፣» አሉ ጋሽ ድንበሩ፤ በትንፋሽ ነገር አዋቂ ናቸውና። «ብነፋልሽ ደስ ባለኝ። ግን ሰው ካልሞተ ጡሩንባ አይነፋም።»

እታፈራሁ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎም እንባዋ። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላት አንድም ሰው የለም። ሁሉም አዝኗል። ሁሉም እሺ ብሏል። ልጅቷ ግን አልበላችም። እምቢ ቢሏት እኮ ተጣልታ ይወጣላት ነበር።

«እንግዲያው የእኔን ሞት ይንፉ፣» አለች።

«ሟርት ነው። በቁሙ ያለ ሰው አይለፈፍም።»

«ሟርቱ በእኔ ይሁን።»

«እኔ በዚህ ጡሩንባ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።»

«አሁንም አይናገሩም። ሰኞ ያቺ ልጅ የሰው ልጅ አዝላ ስትሄድ እያየሁ አስተማሪ ከተባልኩ፣ በቁሜ ሞቻለሁ ማለት ነው።»

ጋሽ ድንበሩ ጡሩንባውን አነሡ። «በቁሙ የሞተ ለፍፌ አላውቅም፣» አሉ፣ «ግን ሞት ሞት ነው።»

ነፉ። «እድርተኛ ሁሉ ስማ! መምህርት እታፈራሁ አርፋለች፤ ተራርቀህ ውጣ!»

በሩ ሁሉ ተከፈተ። በጠራራ ፀሐይ ጡሩንባ ተሰምቶ ስለማያውቅ ግማሹ በነጠላ ጫማ፣ ግማሹ በባዶ እግሩ ወደ መንገዱ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዋይ አሉ። በለቅሶ ላይ ደግሞ ሟችን የማያመሰግን የለም፤ ምስጋናውም ጸጸት አለበት።

«ጠዋት ደጄ መጥታ ነበር፣» አሉ አቶ ይመር ደረታቸውን እየመቱ፣ «ምናለ በወሰንኩላት ኖሮ።»

«መስኮቴ ሥር ቆማ ነበር፣ ምናለ ባዘዝኩላት ኖሮ፣» አሉ አቶ አንዳርጌ።

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር፣ ምናለ በከፈትኩላት ኖሮ፣» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ድስቴ ታጥቦ ነበር፣ ምናለ በጣድኩላት ኖሮ፣» አለች ጠጂቱ፣ ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«አሁንም አልመሸም፣» አለች ሟች ከኋላቸው።

ጠጂቱ አጥሩ ላይ ተለጠፈች። አቶ አንዳርጌ አማተቡ። «አልሞትሽም እንዴ?»

«ሞቼ ነበር። ለቅሷችሁ አሳዝኖኝ ተመለስኩ። የኮሚቴው ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ ተራርቆም ቆሟል፣ ፊት ለፊትም ተያይቷል። በሉ ምከሩ።»

አቶ ይመር ቀኝ አዩ፣ ግራ አዩ። መንደሩ በሙሉ ምን ብለው እንዳለቀሱ ሰምቷል፤ የተለቀሰ ለቅሶ ተመልሶ አይዋጥም። «ይከፈት፣» አሉ። ተራርቀው የቆሙት የኮሚቴው ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያኔ ኮሚቴው ወሰነ፤ አቶ አንዳርጌ አዘዙ፤ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከፈቱ፤ እህሉ ወጣ፤ ነቀዙ ተበጠረ፤ ጠጂቱ ጣደች፤ ቅንጬው በሰለ፤ እናቶች እየተራራቁ ተሰለፉ፤ ብርቄም በላች። በልታም ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣ ደመረች፣ ቀነሰች። ብርቄ ባዶ ጣሳዋን እንደገና በጣቷ ጠርጋ ቀና አለች።

«ነገስ፣ ቲቸር?»

እታፈራሁ ጠጂቱን አየች። ጠጂቱ ጋሽ ወንዳፍራሽን አየች። ጋሽ ወንዳፍራሽ አቶ አንዳርጌን አዩ። አቶ አንዳርጌ አቶ ይመርን አዩ። አቶ ይመር ጋሽ ድንበሩን አዩ። ጋሽ ድንበሩ ጡሩንባቸውን በእጅጌያቸው እየወለወሉ ዞረው ርዕሰ መምህሩን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱ።

«ነገ ደግሞ ማን አረፈ ልበል?» አሉ።

«ማንም አይረፍ፣» አሉ አቶ አንዳርጌ ቶሎ ብለው። «ወንዳፍራሽ፣ ቁልፉን ለመምህርቷ ስጧት። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ እሷ ጋ ይደር።»

ዘውድነሽም ለደላላው አትምጣ፣ ልጄ ተማሪ ናት ብላ ላከችበት። ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ግን ይቅር፣ ከእኔ በፊት የራባቸው አሉ።