ቁጥሩ የጠፋው ሞተር

አንድ ሞተረኛ ነበረ። የእሱን ነገር የማወራሽ «አባ፣ አባቴ ሞተ፤ ዛሬ ልጁ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። እያለቀስሽም ቢሆን ስሚኝ።

ሰውዬው ሞተሩን የገዛው ከከሰል ነጋዴ ነበር። አብረውት የተሳፋሪ ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቹ «ከሰሏ መጣች» እያሉ ይስቁበታል። ሞተሯ ጤነኛ ነበረች፤ ልጆቹንም የምታበላው እሷ ነበረች። እሱ ግን አፈረባት።

አንድ እሑድ ግቢው ውስጥ ፈታታት። አሮጌውን ቀለም በማስለቀቂያ አላልቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ እምቢ ያለውን በግራይንደር ላጠው። ከመሪው ሥር ዋናው ብረቷ፣ ሻንሲው ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ የባለቤትነት ደብተሩ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ያው ቁጥር ነው። ሚስቱ አየችና «ኧረ እሱን ተወው!» አለችው።

«እንዲህ ጎርበጥ እያለ ቀለሙ አያምርም። ደግሞ ማን ያየዋል?» አላትና ደመሰሰው። ከኮርቻው በታች የነበረውን የብየዳ ጠባሳም አልተወ። ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ቀባት፤ ሲደርቅ ቀይ ቀለም ረጨባት። ከዚያ ወዲህ ተራው ላይ የሳቀ አልነበረም።

ከዓመት በኋላ ተሰረቀች። ፖሊሶች ሲያገኟት ሌቦቹ ኢንጂኗን ከነቁጥሩ ነቅለው፣ ታርጋዋን ጥለው ነበር። ሰውዬው ሊብሬውን ይዞ እየሮጠ ሄደ። ፖሊሱ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ በጣቱም ዳበሰ። ምንም የለም።

«የእኔ ናት! ሚስቴ ትመስክር፣ ሰፈሩ ይመስክር!» አለ ሰውዬው።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። «እኔስ አምንሃለሁ ወንድሜ» አለው። «ግን ቁጥር የሚያጠፋ ሌባ ነው። ምን ብዬ ልስጥህ?»

ሳይሰጠው ቀረ። ሞተሯ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ከረመች። እሱም በየሳምንቱ እየሄደ በአጥሩ ቀዳዳ ያያታል። ቀለሟ እንኳ አልለቀቀም፤ የእጁ ሥራ ጥሩ ነበር።

ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። አባትሽ መንገድ ዳር ጫማ ሰፊ መሆኑ እንዳይታወቅብሽ ብለሽ፣ ለባልሽና ለቤተሰቡ «አባቴ በልጅነቴ ሞቷል» አልሽ። የእሱ ልጅ መሆንሽ የሚታወቅበትን በገዛ እጅሽ ደመሰስሽው። አሁን የእውነት ሲሞት በባልሽ ቤት አብሮሽ የሚያለቅስ የለም፤ እዚያ አባትሽ ሰፈር የለቅሶው ድንኳን ውስጥም «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ሲባል የሚያውቅሽ ጠፋ። እውነቱን ተናገሪ፣ አልከለክልሽም። ባልሽ ያምንሽ ይሆናል። የእሱ ማመን ግን አባትሽን አይመልስልሽም።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። የንስሐ አባቱ ነኝና አባትሽ ሊሞት ሲል አጠገቡ ነበርኩ። የእድሩ ሰዎች «የምንጠራልህ ልጅ አለህ?» ብለው ጠየቁት። ወደ እኔ አየ፤ አንቺ መኖርሽን እንደማውቅ ያውቃል። ከዚያ አንቺን እንዳያሳፍር ብሎ «የለኝም» አለ።