አመዲትና የጎደለው ቅቤ

ገና «ተረት ተረት» ብዬ ሳልጨርስ «የአመዲትን ንገሪን» ትሉኛላችሁ። ቀለበቱን ከዶሮዋ ጎጆ ያገኘችበትን ነገርኳችሁ፤ የቆቋን እንቁላል ሌባ የያዘችበትን ነገርኳችሁ፤ አሁንም አልጠገባችሁም። እሺ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እንቅልፍ ከመጣም ይምጣ፣ ይህ ተረት እንቅልፍን አይጠላም።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አመዲት አመድማ ድመታቸው ናት። ሥራዋ አይጥ መያዝ ነው፤ የምትወደው ግን፣ ማንም ሳይሾማት፣ የጠፋ ነገር መፈለግ ነው። ድክመቷ አንድ ብቻ ነው። ቀትር ላይ በጣራው ቀዳዳ የምትገባ የፀሐይ ጮራ አለች፤ አመዲት እዚያች ላይ ተጋድማ ካንቀላፋች ቤቱ ቢፈርስ አትሰማም።

የእማማ ዘርፌ ልጅ ውድነሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መምጫዋ ደርሷል። የአራስ ገንፎ ያለ ቅቤ ቢቀርብ ለእናት ውርደት ነው። እማማ ዘርፌም ክረምቱን ሙሉ እየናጡ አንድ ቅል ቅቤ አጠራቀሙ። ቅሉን ከመደቡ ሥር፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። በኋላ ግን አመዲትን አዩና ሐሳብ ገባቸው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብለው ከግድግዳው አናት፣ ማገሩ ላይ ሰቀሉት።

በሦስተኛው ቀን ቢያወርዱት ሁለት ጣት ጎድሏል።

እማማ ዘርፌ አልጮሁም። ባዶውን ስልቻ አውጥተው አራገፉና፣ «ውድነሽ ሐሙስ ትመጣለች። እስከዚያ ሌባው ካልተገኘ አንቺን በዚህ ከትቼ ከወንዝ ማዶ እጥልሻለሁ» አሏት። ቅሉንም እዚያው መልሰው ሰቀሉት። አመዲት ጆሮዋ ተለጠፈ። ያንን ቤት ትወደዋለች፣ ሌላ ቤት አታውቅም። እኔ በበኩሌ አንጀቴን በልታዋለች።

ሰኞ አይጥን ጠየቀች። አይጥ አፍንጫዋን ብቻ ከጉድጓዷ አውጥታ አልበላሁም ብላ ማለች። ምስክር አምጪ ስትባል ድንቢጥን ጠራች፤ ድንቢጥም ገና ሳትጠየቅ አልበላችም አለች። መቼም የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው። አመዲት ግን የአይጧን ጢም ብታሸተው ገብስ ገብስ እንጂ ቅቤ ቅቤ አይልም፤ ተወቻት። ቀትር ሆነ። ጮራዋ ገባች፣ አመዲት ተጋደመች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ማታ ቅሉ ቢለካ ደግሞ አንድ ጣት ጎድሏል።

ማክሰኞ ሙቀጫን ጠየቀች። ሙቀጫ ሲወቀጥ የኖረ ነውና ነገሩ አጭር ነው። የወጣም የወረደም አላየሁም አለ፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ግን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል እሰማለሁ፣ ዝናብ ነው መሰለኝ አለ። ዝናቡ ደግሞ ካቆመ ወር አልፎታል። አመዲት ይህንን እያሰላሰለች ሳለ ጮራዋ ገባች፣ ተጋደመች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ማታ ቅሉ ቢለካ ሌላ አንድ ጣት ጎድሏል።

ረቡዕ ጮራዋ ስትገባ አመዲት ምላሷን ነከሰች። ዓይኗ ከበዳት። ቤቱ ማር መሰለ፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ሙቀቱ ተኚ ተኚ ይላታል። ስልቻውን እያየች ታገለች።

«ጮራዬ፣ እኔ ስተኛ አንቺ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«አንቺን አሙቄ ሳበቃ ግድግዳውን እወጣለሁ፣ እህቴ። እዚያ ላይ አንድ ቅል አለ፤ ጎኑ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችው። እሱንም አሞቀዋለሁ።»

አመዲት በዓይኗ ተከተለቻት። ጮራዋ ግድግዳውን ወጣች፣ ቅሉን ነካች፣ ቅቤው ቀለጠ፣ በስንጥቁ ጠብ አለ። ከሥሩ አሮጌ አንቀልባ ተሰቅሏል፤ ውድነሽ ራሷ ሕፃን ሳለች የታዘለችበት ነው። ሃያ ዓመት ማንም ሳይነካው የኖረው ቆዳ፣ ጠብ ያለውን ሁሉ ጠጣ።

«ለካ አንተ ነህ» አለችው።

«እኔ ነኝ» አለ አንቀልባ፣ አፍሮ። «ሕፃን ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። ቆዳ የሚለሰልሰው በቅቤ ነው፤ እንዲህ እንደ እንጨት ደርቄ እንዴት ልዘለው? አንቺ እንደምትጣዪበት ግን አላወቅሁም።»

አመዲት ዘላ አወረደችው፣ እየጎተተችም ከእማማ ዘርፌ እግር ሥር ጣለችው። አሮጊቷ አነሱት። ለስልሷል። አሸተቱት። ቀና ብለው ጮራዋን አዩ፣ ቅሉን አዩ፣ ስንጥቁን አዩ። ከጥላው አውጥተው ፀሐይ ላይ የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ይቅር በይኝ፣ አመዲት» አሉ። «ቅቤዬን ያፈሰስኩት አንቺን ስጠረጥር ነው።»

ስልቻው ያን ዕለት ገብስ ተሞላበት። ከስንጥቁ በታች የተረፈው ቅቤም ለገንፎው በቃ። ውድነሽ ሴት ልጅ ወለደች። እማማ ዘርፌ የልጅ ልጃቸውን በለሰለሰው አንቀልባ አዝለው ቀትር ላይ ጮራዋ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ አመዲት እግራቸው ሥር ትጋደማለች። አሮጊቷም፣ ሕፃኗም፣ ድመቷም አብረው ያንቀላፋሉ።

የእኔን ተረት እዚሁ ጥላው ውስጥ አስቀመጥኩት። እናንተ ደግሞ ይህቺን ያዙ፦ ለመጠርጠር የቸኮለ፣ ቅቤውን ፀሐይ ላይ ሰቀለ።