ቀኛዝማች አጥናፉና ቀይ ሥሩ

ቀኛዝማች አጥናፉ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ ሳይቀምሱ እንደሚያከፍሉ ለአገሩ ሁሉ አስወርተው ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ግን ሽንታቸው እንደ ደም ቀልቶ ቢያዩ፣ «ወጥ ቤቷ መረዘችኝ!» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ተጎትታ መጣች፤ አለንጋው ተዘጋጀ። የንስሐ አባታቸውም ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ።

«ምን አበላሽኝ አንቺ? ተናገሪ!»

ሴትዮዋ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ለአሽከሮች የቀቀልኩት ቀይ ሥር ትናንት ከነድስቱ ጠፍቶብኛል። እሱን የበላ ሰው ሽንቱ ይቀላል፤ ግን አይገድልም፣ በማግስቱ ይጠራል። እርስዎ እህል ካልቀመሱ እኔ በምን መረዝኩዎት? ቀምሻለሁ ካሉ ደግሞ መጀመሪያ ለአባ ይናዘዙ፤ ከዚያ እኔን ይግረፉኝ።»

ቀኛዝማች አባን ሰረቅ አድርገው አዩ።

«ልቀቋት» አሉ። «ለካ የንጋቷ ፀሐይ ናት ያቀላችብኝ።»